ቤዙ የጠፋ ሌሊት

ድሬዳዋ ውስጥ ሙዚቃ ለሚማሩ ወጣቶች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ይህን የድሬ ሙቀት ችላችሁ፣ ከሥራም ከትምህርትም መልስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤዝ ጊታር ነው። ባንድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ዕቃውስ እንዴት እንደሚመረጥ።

ከአንድ ሌሊት ልጀምር።

እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ሰርግ ነበረን። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። የሸጎዬ ጭፈራ ይዘናል። እናቶች መሀል ገብተዋል፣ ወጣቶቹ ዙሪያውን ከበዋል፣ መሬቱ ራሱ የሚጨፍር ይመስላል። በዚህ መሀል የቤዜ ድምፅ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ ውፍረቱ ሄደ። ቀጥሎ እንደተቀደደ ስፒከር ይንኮሻኮሽ ጀመር። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

ዘፋኙ አላቆመም። ኪቦርዱ አለ፣ ጊታሩ አለ፣ ድራሙ አለ። ከታዳሚው አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ ዞር አላለም። ጭፈራው ግን ወረደ። እጃቸውን ያነሡ እናቶች ቀስ ብለው አወረዱ። ከዳር የነበሩት ወደ ወንበራቸው ሄዱ። የሙሽራዋ አጎት ወደ መድረኩ ጠጋ አሉና «ልጆች፣ ምነው ደከማችሁ?» አሉን።

አልደከምንም። ያለቀው ቤዙ ውስጥ ያለው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ሳውንድ ማናችን ከትርፍ ዋየርለስ ማይክ ውስጥ ባትሪ አውጥቶ ሰጠኝ። በሞባይሉ መብራት እያበራልኝ የቤዙን የጀርባ ክዳን ከፍቼ ቀየርኩ። አዲሱ ባትሪ ገብቶ የመጀመሪያዋን ኖታ ስመታ እናቶቹ ተመልሰው መሀል ገቡ። ምን እንደጠፋና ምን እንደተመለሰ ብትጠይቋቸው አይነግሯችሁም። እግራቸው ግን አውቆታል።

ያን ሌሊት ስለ ሥራዬ ከብዙ ዓመት ልምምድ የበለጠ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስገዛ ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ነገር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሳይከዳኝ ይቆያል ወይ? ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አምሮ የሚሰማ ቤዝ ብዙ ነው። እኛን የሚያስፈልገን ግን ስድስት ሰዓት የሚቆም ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ትንሽ።

ቤዝ የሚጋባው ከድራሙ ኪክ፣ በእግር ከሚመታው ትልቅ ከበሮ ጋር ነው። የድራመሩ ቀኝ እግርና የእናንተ ቀኝ እጅ አብረው ካረፉ፣ ሌላው ሁሉ የሚቀመጥበት ወለል ይኖረዋል። እነሱ ከተለያዩ ግን የቱንም ያህል ጎበዝ ዘፋኝ ቢመጣ ዘፈኑ ይንሳፈፋል። ስለዚህ መድረክ ላይ ቦታ ስትይዙ ከድራሙ አጠገብ ቁሙ። የኪኩን እግር የምታዩበት ቦታ ካገኛችሁ እሱን አትልቀቁ።

ይህ መሣሪያ ራሱ የተወለደው ከመድረክ ችግር ነው። ቀድሞ ባንዶች የሚጠቀሙት ሰው የሚያህለውን ትልቁን ኮንትራባስ ነበር። ለመሸከም ይከብዳል። ድራምና የነሐስ መሣሪያዎች ሲጮሁ ደግሞ ይዋጣል። ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን አወጣ። አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ አግድም የብረት መስመሮች አሉት፤ ጣት በትክክለኛው ቦታ ካረፈ ኖታው ልክ ይወጣል። ስሙም የመጣው ከዚህ ልክነት ነው። በ1960 ደግሞ ጃዝ ቤዝ ተከተለ። ዛሬ ገበያ ላይ የምታዩት አብዛኛው ቤዝ፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሮሃ ባንድን ሥራዎች ፈልጋችሁ ጆቫኒ ሪኮ የሚጫወተውን ቤዝ ለይታችሁ አድምጡ። ዘፋኙ ሲተነፍስ ቤዙ የት እንደሚገባ፣ ዘፋኙ ሲገባ ደግሞ ቤዙ እንዴት ቦታ እንደሚለቅ ስሙ። ግን በሞባይል ስፒከር አይሁን። የቤዝ ትልቁ ክር፣ ኢ የምንለው፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ 41 ኸርዝ የሚባለው ይህ ነው። ያቺ ትንሽ ስፒከር ይህን ዝቅተኛ ድምፅ ማውጣት አትችልም። የምትሰሙት የላይ የላዩን ነው። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

አሁን ደግሞ እዚህ ድሬ ለሚጫወት ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ልንገራችሁ። እኛ በአንድ ሌሊት ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ እንጫወታለን። የአሊ ቢራ ከተማ ነው። አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን የተመሠረተበት ከተማ ነው። እዚህ የሚሠራ ቤዚስት አንድ ዓይነት መስመር ይዞ ሌሊቱን አይዘልቅም።

አንድ ምሳሌ ብቻ እንይ። አብዛኞቻችን ስንጀምር የምንማረው መነሻ ኖታውንና አምስተኛውን መመላለስ ነው። ከሲ (C) ከተነሣን ሲና ጂ (G)፣ ሲና ጂ። ከቅኝቶቻችን ትዝታ ላይ ይሠራል። ባቲ ላይ ይሠራል። አምባሰል ላይም ይሠራል። አንቺሆዬ ላይ ግን ያጋልጣችኋል። ምክንያቱም አንቺሆዬ ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ የለበትም። ጣታችሁ በልምድ ጂ ላይ ሲያርፍ ዘፋኙ ከሚዘፍንበት ቅኝት ወጥታችኋል። አድማጩ የኖታውን ስም አያውቅም፤ ፊቱ ግን ይቋጠራል። ስለዚህ አንቺሆዬ ስትይዙ ከመነሻው ወደ ኤፍ ሂዱ፣ ወይም መነሻው ላይ ብቻ ቁሙ። ቤት ስትሄዱ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ሞክሩት።

ሌላው የዘፋኞች ነገር ነው። እንግዳ ዘፋኝ ይመጣና «ግማሽ ዝቅ አድርጉልኝ» ይላል። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ይጫናል፤ እጁ የለመደውን ይጫወታል። እኛ ቁልፍ የለንም። ዘፈኑ ከኢ ወደ ኢ ፍላት ሲወርድ በባለ አራት ክር ቤዝ ያ ዝቅተኛ ኢ ፍላት ከናካቴው የለም። ክፍት ኢ ነው የመጨረሻው። ከላይ ባለው ኦክታቭ፣ ማለትም በቀጭኑ ኢ ፍላት ትጫወቱታላችሁ፣ ዘፈኑም ክብደቱን ያጣል።

ባለ አምስት ክር ቤዝ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ከኢ በታች ቢ የሚባል ክር ይጨመርበታል፤ እስከ 31 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል። ሰርግና ሆቴል የሚሠራ፣ በየሳምንቱ ከሌላ ዘፋኝ ጋር የሚቆም ልጅ አምስት ክር ቢይዝ እመክራለሁ። ጀማሪ ግን በአራት ይጀምር። አንገቱ ቀጭን ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ያልተነካ ክር ዝም ማሰኘት መማርም ይቀላል። ይህ ዝም ማሰኘት የሚባለው ነገር ከመምታቱ እኩል ሥራ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ግዢው።

አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ቤዝ ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞት ይመጣል። ያገለገለ መግዛት ምንም ነውር የለውም። ግን ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት አንገቱን እዩ።

ይሄውላችሁ፣ ይዤው መጥቻለሁ። እንዲህ ታደርጋላችሁ። ትልቁን ክር በግራ እጅ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ትጫናላችሁ። በቀኝ እጅ ደግሞ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ትጫናላችሁ። አሁን ክሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። መሀል ላይ፣ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መሀል ያለውን ክፍተት እዩ። የቢዝነስ ካርድ ውፍረት የምታህል ክፍተት ካለች ጥሩ ነው። ክሩ ፍሬቱን ከነካ አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጧል። ትልቅ ክፍተት ካለ ወደ ፊት ጎብጧል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል፤ አንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት አለ፣ በልኩ ቁልፍ ትንሽ በትንሽ ይዞራል። አንገቱ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ ግን ተዉት። በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት።

ቀጥሎ ሁሉንም ፍሬት በሁሉም ክር አንድ በአንድ ምቱ። ሻጩ ይሰላች፣ ግድ የለም። የሚንዛዘዝ ወይም የሚሞት ኖታ ካለ አሁን ነው መስማት ያለባችሁ። ከዚያ ኬብል ሰክታችሁ ቮልዩሙንና ቶኑን አዙሩ። ትንሽ ከተንኮሻኮሸ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ ነካ ነካ ስታደርጉ ድምፁ ከተቆራረጠ ደግሞ መበየድ አለበት። ቀላል ሥራ ነው፣ ግን ከዋጋው አስቀንሱበት።

መደበኛው ቤዝ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው 76 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭርም አለ። እዚህ ብዙ እህቶች አያለሁ። አንዳንዷ በትልቁ ታግላ ታግላ ትተወዋለች። አጭሩ የልጆች መጫወቻ አይደለም፣ እውነተኛ ቤዝ ነው። ክብደቱንም በማንገቻው አንጠልጥላችሁ ቆማችሁ ሞክሩት። ተቀምጦ የቀለለ ቤዝ በሦስተኛው ሰዓት ትከሻ ይቆርጣል።

አክቲቭ ወይስ ፓሲቭ የሚለውን ሁሌ ትጠይቁኛላችሁ። አክቲቭ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማስተካከያ አለው፤ ድምፁ ጠንካራና ግልጽ ነው። ፓሲቭ ባትሪ አይፈልግም። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። አክቲቭ ከያዛችሁ ግን አንድ ነገር እወቁ። ባትሪው መሥራት የሚጀምረው ኬብሉ ቤዙ ላይ ሲሰካ ነው። ባትጫወቱም ይበላል። እኔ ለዚያ ሰርግ ዋዜማ ከተለማመድን በኋላ ኬብሉን ሳልነቅል ነው ያደርኩት። ምክንያቱ ይኸው ነው። አሁን ልምምድ እንዳለቀ ከቤዙ ላይ እነቅላለሁ፤ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥም አንድ ያልተከፈተ ባትሪ ሁሌ አለ።

ወደ አምፕሊፋየር እንሂድ። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል።

ቤዝ ከሊድ ጊታር እጅግ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ለጊታሪስቱ 30 ዋት ባለ ቲዩብ አምፕ ክለብ ሊሞላለት ይችላል። በዚያው ኃይል ቤዝ ድራም አጠገብ አይሰማም። ለመካከለኛ አዳራሽ ከ200 እስከ 300 ዋት ያስፈልጋል። ግን ዋት ሲባል አትሸወዱ። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮ «አዎ፣ ትንሽ ጨምሯል» የሚልበት ያህል። ስለዚህ ከ250 ወደ 500 ዋት ለመሄድ ከመበደር፣ ሁለተኛ ስፒከር መጨመር ይሻላል።

ስፒከር ስትጨምሩ ኦሙን፣ ማለትም የስፒከሩን የኤሌክትሪክ መከላከል መጠን አስሉ። አምፑ ጀርባ ላይ ዝቅተኛው ስንት ኦም እንደሆነ ተጽፏል። 4 ከሆነ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር ይችላል፤ ሁለቱ አብረው 4 ይሆናሉ። ሁለት ባለ 4 ከሰካችሁ 2 ይሆናል። ያኔ አምፑ ይግላል፣ ከቀናችሁ ራሱን ያጠፋል፣ ካልቀናችሁ ይቃጠላል። የስፒከር ኬብልና የጊታር ኬብልም መልካቸው ቢመሳሰልም አንድ አይደሉም። አምፑንና ስፒከሩን በጊታር ኬብል አታገናኙ።

እኔ አንድ መመዘኛ አለኝ። ባጃጅ ውስጥ ከእኔና ከቤዙ ጋር የማይገባ ስፒከር አልገዛም። ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን የምንሄደው በባጃጅ ነው። ክላስ ዲ የሚባሉት አዳዲስ አምፖች ጥቂት ኪሎ ናቸው፤ ከቤዙ ቦርሳ ጎን ይያዛሉ። ትልልቆቹ ባለ ቲዩብ አምፖች ድምፃቸውን እወደዋለሁ፣ ግን ሸክማቸው ሌላ ሰው ይጠይቃል፣ ለእሱም ይከፈላል።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ ትልቅ ሰርግ ላይ ሕዝቡ የሚሰማው የእናንተን አምፕ አይደለም። በዲአይ ቦክስ ከቤዙ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደውን ነው። ዲአይ ቦክስ ትንሽ ሳጥን ናት። የቤዙን ምልክት ረጅም ኬብል ላይ ሳይደክምና ጩኸት ሳይሰበስብ ወደ ሚክሰር ትወስዳለች። አምፕ መግዛት ያልቻለ ልጅ ጥሩ ቤዝና ጥሩ ዲአይ ቦክስ ይዞ ሥራ መሥራት ይችላል። ሞኒተር በሚባለው ወደ ተጫዋቹ በዞረው ስፒከር ውስጥ ቤዙን እንዲሰጡት ብቻ ይጠይቅ።

ስለ ድምፅ አቀማመጥ አንድ ነገር። ልጆች ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲለማመዱ አምፑ ላይ ወፍራሙን (ቤዝ) ከፍ፣ መሀሉን (ሚድ) ዝቅ፣ ቀጭኑን (ትሬብል) ከፍ ያደርጋሉ። ክፍል ውስጥ ያምራል። ባንድ ጋር ሲገቡ ይጠፋሉ። ለምን? ወፍራሙን ኪኩ ወስዶታል፣ ቀጭኑን ሲምባሉ ወስዶታል። ለእናንተ የቀረው መሀሉ ነበር፣ እሱን ደግሞ ራሳችሁ ቀንሳችሁታል። ሚዱን መልሱት። ብቻችሁን ስትሰሙት ያስቀይማል፣ ባንድ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ኖታ ይለያል።

ቦታውም ይወስናል። የዚያ የ41 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። የሆቴል አዳራሽ ጥግ ላይ ስፒከር ካስቀመጣችሁ ግድግዳው እየመለሰ ያጎላዋል፣ ክፍሉ ሁሉ ይጓጉራል። ከጥጉ አውጡት። ድንኳን ውስጥ ደግሞ የሚመልሰው ግድግዳ የለም፤ ድምፁ በሸራው አልፎ ይሄዳል። ትናንት ሆቴል ላይ ያስተካከላችሁት ዛሬ ድንኳን ላይ አይሠራም።

መብራትን በተመለከተ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ብዙ ሥራችን በጀነሬተር ነው፣ ቮልቴጁም ይዋዥቃል። ስታቢላይዘር ያዙ። የራሳችሁን ዲቫይደር ያዙ። መብራት ሲጠፋ ወዲያው የአምፑን ማብሪያ አጥፉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። እንዲሁም «እምም» የሚል ድምፅ ስላስቸገረ ብላችሁ የሶኬቱን የመሬት መስመር አትቁረጡ። ብዙ ልጅ ሲያደርገው አያለሁ። ያ መስመር ሕይወታችሁን የሚጠብቅ ነው። አንድ እጃችሁ የቤዙን ክር ይዞ አፋችሁ የብረት ማይክ ሲነካ 220 ቮልት በእናንተ በኩል ሊያልፍ ይችላል። «እምም» የሚለውን ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለው ግራውንድ ሊፍት የሚባለው ማብሪያ አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋዋል። የሰው ሕይወት ከድምፅ ጥራት ይበልጣል።

የአየሩን ነገር ደግሞ እንደ ድሬ ልጅ ታውቁታላችሁ። ቤዝ እንጨት ነው፣ ሙቀት ይሰማዋል። ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሐረር ሥራ ሲኖረን መንገዱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተን በደንገጎ ወጥተን 1,900 ሜትር አካባቢ እንደርሳለን። አየሩ ይቀዘቅዛል። ቅኝቱ ተዛብቶ ነው የሚደርሰው። ከደረስን በኋላ ቤዙን ከቦርሳው አውጥቼ አስቀምጠዋለሁ፣ የክፍሉን አየር ይለምድ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ነው የምቃኘው። ወዲያው የቃኘ ሰው በሁለተኛው ዘፈን ላይ እንደገና ይቃኛል።

ላብ ደግሞ ክር ይገድላል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ክሩን በደረቅ ጨርቅ፣ ከሥሩም ጭምር አብሱት። የቤዝ ክር ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። አንዳንዱ አሮጌ ክር በውሃ ይቀቅላል። የተሰበሰበው እድፍ ስለሚለቅ ለጥቂት ቀን ድምፁ ይመለሳል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በደንብ ማድረቅ ብቻ ነው። ፍላትዋውንድ የሚባለው ልስልስ ክር ግን ብዙ ይቆያል፤ ድምፁም ለስለስና ጠቆር ያለ ነው። ለቆዩ ዘፈኖች እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። አንገቱ ቀጥ ያለ ቤዝ። ሁለት ጥሩ ኬብል፤ ሁለት ያልኩት አንዱ ሥራ ላይ ስለሚበጠስ ነው። ፔዳል መቃኛ፣ ድምፁን ዘግታችሁ በዝምታ የምትቃኙበት። ሰፊ ማንገቻ። ከዚያ ዲአይ ቦክስ። አምፕ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኢፌክት ፔዳሎች ከአምፑም በኋላ።

አቦ፣ ብዙ አወራሁ። ቤዙ ይኸውና፣ ድራሙም እዚያ ተዘጋጅቷል። በየተራ ትወጣላችሁ። የምትመቱት አንድ ኖታ ብቻ ነው፣ ክፍት ኤ። ድራመሩ የችክችካ ምት ይዞ ይቆያል። እናንተ የኪኩን እግር እያያችሁ፣ ከእሱ ጋር እኩል እስክታርፉ ድረስ ያችኑ አንዷን ኖታ ትመታላችሁ። ሁለት ደቂቃ ለአንድ ሰው። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለሽው እህቴ፣ አንቺ ጀምሪ። ማንገቻውን እኔ ላሳጥርልሽ።